ለእሳት የሚሆን አይዝጌ ብረት፦ ላሜራውን ከመግዛትዎ በፊት ቅይጡን ማንበብ

የናፍጣ በርነር ያለው የዳቦ ምድጃ ሲፈታ፣ ያረጀው የእሳት ቱቦ ብዙውን ጊዜ ከሦስት መልኮች በአንዱ ይገኛል። አንዱ ግድግዳው ሳስቶ፣ በጣት ሲነካ ጥቁር ቅርፊት እየተላጠ ይረግፋል። ሁለተኛው ያን ያህል ቅርፊት የለውም፤ ግን እንደ ረጠበ ካርቶን መሃሉ ጎብጦ ወደ ታች ወርዷል። ሦስተኛው ሲያዩት ደህና ነው፤ ከቀዘቀዘ በኋላ በመዶሻ ጠቅ ሲያደርጉት ግን እንደ ሸክላ ይሰበራል። ሦስቱም ሲገዙ «ስቴንለስ ነው» ተብለው ነው።

«ስቴንለስ» የሚለው ስም የሚያረጋግጠው ቢያንስ 10.5% ክሮሚየም መኖሩን ብቻ ነው። እሳት ላይ ዕድሜውን የሚወስኑት የክሮሚየሙ መጠንና አብረውት የገቡት ሌሎች ንጥረ ነገሮች ናቸው። እነሱም በነፃ አይገኙም፤ አንዱን ጉዳት የሚከላከል ንጥረ ነገር ሌላውን ሊያባብስ ይችላል። ስለዚህ ላሜራ ከመጠየቅዎ በፊት ዕቃዎ የሚጠፋው ተልጦ፣ ጎብጦ ወይስ ተሰብሮ እንደሆነ ይለዩ። አሮጌውን ቁራጭ ሳይመረምሩ አይጣሉት፤ ከየትኛውም ካታሎግ በላይ ይነግርዎታል።

መጀመሪያ ሙቀቱን ይወቁ

በግምት አይሥሩ። ኬ ዓይነት ቴርሞኮፕል (የሙቀት መለኪያ ሽቦ) ከብረቱ ጋር አጣብቀው፣ ምድጃው በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ይለኩ። የአየሩን ሳይሆን የብረቱን ሙቀት ነው የምንፈልገው። ቴርሞኮፕል ከሌለ ቀለሙ ይረዳል፦ ጥላ ባለበት ቦታ ብረት ደብዘዝ ብሎ መቅላት የሚጀምረው 600–650 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ደማቅ ቀይ ሲሆን ወደ 800፣ ብርቱካንማ ሲሆን ወደ 950 ደርሷል። ከቀዘቀዘ በኋላ ደግሞ ንጹሕ የነበረው የ304 (እንደዚህ ያሉት ቁጥሮች የአይዝጌ ብረት ዓይነት መለያ ናቸው) ላሜራ ላይ የቀረው ቀለም ይመሰክራል፦ ገለባ መሰል ቢጫ 300–350፣ ቡናማና ሐምራዊ 400–450፣ ሰማያዊ 550–600 ዲግሪ።

ከሙቀቱ ጋር አራት ነገር ይመዝግቡ፦ በቀን ስንት ጊዜ ይበራል ይጠፋል፣ ነዳጁ ምንድን ነው፣ እሳቱ ጥርት ያለ ነው ወይስ ጭስና ጥላሸት አለው፣ ብረቱስ ክብደት ይሸከማል ወይ።

ክሮሚየም፦ የሚከላከለው ቅርፊት ራሱ

አይዝጌ ብረት ሲሞቅም ኦክሳይድ ይሠራል፤ ልዩነቱ የክሮሚየም ኦክሳይድ ጥቅጥቅ ያለና በጣም ቀስ ብሎ የሚያድግ መሆኑ ነው። ክሮሚየሙ ካነሰ ከሥሩ የብረት ኦክሳይድ ፈንቅሎ ይወጣል፤ ያ ደግሞ ወፍራም፣ ቀዳዳማና ተላጭ ነው። ስለዚህ የሙቀት ገደቡ ከክሮሚየሙ ጋር አብሮ ይወጣል።

409 (11% አካባቢ ክሮሚየም) ለመኪና ማርሚታ ተስማሚ ነው፤ ሳይቋረጥ ሲሞቅ ገደቡ 705 ዲግሪ ነው። 304 (18% ክሮሚየም፣ 8% ኒኬል) 925 ይደርሳል። 309 (22–24%) 1095፣ 310 (24–26%) 1150 ይደርሳሉ። ምድጃው እየጠፋ እየበራ የሚሠራ ከሆነ ግን ለ304 የሚይዙት ቁጥር 870፣ ለ309 980፣ ለ310 1035 ነው። ምክንያቱም ኒኬል ያላቸው እነዚህ ብረቶች ሲቀዘቅዙ ከኦክሳይዱ ይልቅ እጅግ ይኮማተራሉ፤ ቅርፊቱ ይሰነጠቅና ይረግፋል። በማግስቱ እሳት ሲገባ አዲስ ቅርፊት ለመሥራት ከብረቱ ውስጥ ሌላ ክሮሚየም ይወጣል። ይህ ሲደጋገም ከላይ ያለው የብረቱ ክፍል ክሮሚየም ያልቅበትና ከዚያ ወዲያ መላጡ ይፈጥናል። ለዚህም ነው 1 ሚሜ ላሜራ ከ3 ሚሜው እኩል ዕድሜ የማይኖረው፤ ለመሙያ የሚሆን ክምችት የለውም።

ኒኬል የሌላቸው 430 እና 446 በተቃራኒው ናቸው። መለጠጣቸው ከኦክሳይዱ ስለሚቀራረብ ቅርፊታቸውን ይይዛሉ፤ 430 ሳይቋረጥ 815 ተብሎ፣ በመብራት በመጥፋት 870 ይፈቀድለታል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ አለ። እንፋሎት የበዛበት ጋዝ የክሮሚየም ኦክሳይድን ወደ ጋዝነት እየለወጠ ይወስደዋል፤ ከ1000 ዲግሪ በላይ ደግሞ በደረቅ አየርም ቢሆን ይተናል። የእንጨት አመድም ውስጡ ያለው ፖታሲየም ከቅርፊቱ ጋር ተዋህዶ ያፈርሰዋል። ስለዚህ የማገዶ ምድጃ ብረት ላይ አመድ ተከምሮ አይደር፤ የካታሎጉን ገደብም 50–100 ዲግሪ ዝቅ አድርገው ይያዙት። ሌላው፣ እነዚህ ቁጥሮች የመላጥ ገደብ ናቸው። ክብደት የሚሸከም ዕቃ ከዚያ በጣም ቀድሞ ይጎብጣል፤ ብዙ ሰው የሚከስረው ይህን ሳይለይ ነው።

ኒኬል፦ የሚያጸናውና የሚጎዳው

ኒኬል ብረቱን በሙቀት ውስጥ ጠንካራ ያደርገዋል፤ ጥላሸት ካለበት እሳት ካርቦን ወደ ብረቱ እንዳይሰርግም ይከላከላል። ስለዚህ ለማንጠልጠያ፣ ለመደርደሪያና ለቅርጫት 310 ወይም 35% ገደማ ኒኬል ያለው 330 ይመረጣል።

ነገር ግን ኒኬል ድኝ አይወድም። ነዳጁ ድኝ ካለበትና እሳቱ አየር አጥሮት የሚጨስ ከሆነ፣ ኒኬልና ድኝ ተዋህደው 637 ዲግሪ ላይ የሚቀልጥ ድብልቅ ይሠራሉ። ብረቱ ራሱ 1400 አካባቢ የሚቀልጥ ሆኖ ሳለ፣ በዚህ ቀጭን ቅልጥ ብረቱ በተሠራባቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች መካከል ይበላል። ምልክቱ ከደረቅ ቅርፊት ይለያል፤ ጥቁር ኪንታሮት የመሰለ እብጠት ይወጣና ሥሩ ተቦርቡሮ ይገኛል። ሁለት መፍትሔ አለ፦ መጀመሪያ የበርነሩን አየር አስተካክሎ እሳቱን ማጥራት፤ ካልተቻለ ኒኬል ወደሌለው 446 መሄድ። 446 ግን በሙቀት ስለሚለሰልስ ክብደት አያሸክሙት።

መለጠጥንም አይርሱ። 1 ሜትር የ304 ቱቦ ከክፍል ሙቀት ወደ 800 ዲግሪ ሲደርስ 14–15 ሚሜ ይረዝማል፤ 430 ግን 10 ሚሜ አይሞላም። በሁለቱም ጫፍ በብየዳ የታሰረ ቱቦ ይህን ርዝመት የሚያስቀምጥበት ስለሌለው ይጣመማል፣ ወይም ብየዳውን ይቀደዋል። አንዱን ጫፍ ብቻ በብየዳ ያያይዙት፤ በሌላው ጫፍ ቀዳዳውን ሞላላ አድርገው በብሎንና ሮንዴላ ይያዙ፤ ዳዶውን ጥርቅም አያድርጉ።

ካርቦን፦ እዚህ ላይ ነው ስህተቱ የሚበዛው

በብዙ ሱቅ «ኤል የተጻፈበት ይሻላል» ይባላል። ለወተት ታንክና ለሚበየድ የውሃ ዕቃ እውነት ነው። ለእሳት ግን 304ኤል ከተራው 304 ይደክማል። ክሪፕ የሚባለውን፣ ማለትም በሙቀት ውስጥ በገዛ ክብደት እንኳ ቀስ እያለ የሚመጣውን መለጠጥ የሚገታው ካርቦን ነው። ኤል ደረጃው ካርቦኑ ከ0.03% አይበልጥም፤ ለሙቀት የተዘጋጀው 304ኤች 0.04–0.10% አለው። የአሜሪካ የቦይለር ኮድም ከ538 ዲግሪ በላይ የ304ን ጥንካሬ የሚቀበለው ካርቦኑ 0.04% ሲደርስ ነው። የጎበጠው ቱቦ ሰርተፊኬት ላይ 0.02% ካርቦን ቢያዩ አይገረሙ።

ካርቦን ዋጋ ያስከፍላል። ከ425 እስከ 860 ዲግሪ ባለው መካከል ካርቦኑ በቅንጣቶች ድንበር ላይ ክሮሚየም እየሳበ ካርባይድ (የሁለቱ ውህድ) ይሠራል። በዚያ ካርባይድ ውስጥ 1 ግራም ካርቦን እስከ 16 ግራም ክሮሚየም ይዞ ይቀመጣል፤ ድንበሩ ዳር ያለው ብረት ክሮሚየም አጥቶ እርጥበት ሲነካው ይዝጋል። ዕቃው ሁልጊዜ ደረቅና ትኩስ ከሆነ ይህ ብዙ አያሳስብም። የሚያሳስበው እንደ ጭስ ማውጫ ማታ ቀዝቅዞ ውስጡ ጤዛ የሚይዝ ሲሆን ነው።

ለእንዲህ ያለው 321 ወይም 347 ይግዙ። በ321 ውስጥ ታይታኒየም፣ በ347 ውስጥ ኒዮቢየም ካርቦኑን ቀድመው ይይዙታል። መጠኑን ሰርተፊኬቱ ላይ ማስላት ይቻላል፦ ታይታኒየሙ የካርቦንና የናይትሮጅን ድምር 5 እጥፍ መሆን አለበት። ካርቦን 0.05%፣ ናይትሮጅን 0.01% ከሆነ ቢያንስ 0.30% ታይታኒየም ይፈልጉ። ኒዮቢየም ከሆነ የካርቦኑ 10 እጥፍ። ሁለቱም ጥንካሬ ይጨምራሉ እንጂ የመላጥ ገደቡን ከ304 ከፍ አያደርጉትም።

ሲሊከን፣ ሴሪየምና ናይትሮጅን

ሲሊከን ከ1% በላይ ሲሆን ከክሮሚየም ኦክሳይዱ ሥር ሁለተኛ ስስ ሽፋን ይዘረጋል፤ ካርቦን እንዳይሰርግም ያግዛል። ሲበዛ ግን ብየዳው ገና ትኩስ ሳለ እንዲሰነጠቅ ያደርጋል፤ ከዚህ በታች የምንመጣበትን ሲግማ የተባለውን ተሰባሪነትም ያፋጥናል።

ሴሪየም በጣም ጥቂቱ ብዙ ይሠራል፤ 0.03–0.08% ብቻ ቅርፊቱን ከብረቱ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። 253ኤምኤ የሚባለው ብረት የተሠራው በዚህ ሐሳብ ነው፦ 21% ክሮሚየም፣ 11% ኒኬል፣ 1.7% ገደማ ሲሊከን፣ 0.17% ናይትሮጅን፣ ትንሽ ሴሪየም። ኒኬሉ የ310ን ግማሽ ያህል ሆኖ ሳለ በመላጥ ይቀራረበዋል፤ ናይትሮጅኑና ካርቦኑ ደግሞ በ800 ዲግሪ ለረጅም ጊዜ የሚሸከመውን ክብደት ከ310ኤስ (ካርቦኑ ያነሰ 310) ወደ እጥፍ ያደርሱታል። ቀኑን ሙሉ እየበራ እየጠፋ ለሚሠራና ክብደት ላለው ዕቃ፣ ከተገኘ፣ ምርጫችን ይህ ነው።

ሞሊብደነምና ማንጋኒዝ

«316 ከ304 ውድ ስለሆነ ይሻላል» ብሎ ለእሳት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። በ316 ውስጥ ያለው 2–3% ሞሊብደነም ለጨውና ለአሲድ ነው። ክሪፕን ትንሽ ያግዛል፤ ኦክሳይዱ ግን 795 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ይተናልም። አየር በማይንቀሳቀስበት ጠባብ ቦታ፣ ለምሳሌ በሁለት ላሜራ መካከል ወይም በጥቅጥቅ መሸፈኛ ሥር፣ ይህ ቅልጥ ቅርፊቱን አፍርሶ ብረቱን በፍጥነት ይቦረቡረዋል።

201 ማንጋኒዝ (5.5–7.5%) የኒኬልን ቦታ የተካበት ነው። አይንም ማግኔትም ከ304 አይለየውም። በገበያ ላይ ካሉት የ200 ተከታታይ ላሜራዎች ክሮሚየማቸው ወደ 13–15% የወረደ አሉ፤ እሳት ላይ 304 በሚችለው ሙቀት ይላጣሉ።

አሉሚኒየም፦ ከምጣድ ሽቦ እንነሣ

ከ1150 ዲግሪ በላይ የክሮሚየም ኦክሳይድ አይበቃም፤ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ያስፈልጋል። 22% ክሮሚየምና 5–6% አሉሚኒየም ያላቸው፣ ኒኬል የሌላቸው ቅይጦች፣ ካንታል በሚለው ስም የሚታወቁት፣ እንደ ደረጃቸው እስከ 1300–1400 ዲግሪ ይሠራሉ። በኤሌክትሪክ ምጣድ ጉድጓድ ውስጥ የሚጠመጠመው ሽቦ ወይ ከዚህ ዘር ነው፣ ወይም ኒክሮም (80% ኒኬል፣ 20% ክሮሚየም) ነው።

መለየቱ ቀላል ነው፤ ማግኔት ካንታልን ይስባል፣ ኒክሮምን አይስብም። ልዩነቱ በጥገና ላይ ይገባዎታል። ካንታል አንድ ጊዜ ከግሎ ከሠራ በኋላ ቅንጣቶቹ ስለሚያድጉ ቀዝቃዛውን ሊያጥፉት ሲሞክሩ ቀጭ ይላል። መስመሩን ከመብራት ነቅለው፣ የሚታጠፈውን ቦታ በጋዝ ነበልባል እስኪቀላ አሙቀው በትኩሱ በፒንሳ ያጥፉት። ኒክሮም ካረጀም በኋላ ቀዝቃዛው ይታጠፋል።

ሲግማ፦ ደህና መስሎ የሚሰበረው

ከመግቢያው ሦስተኛው ቱቦ እዚህ ነው። ክሮሚየም የበዛበት ብረት፣ በተለይ 310፣ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ባለው ሙቀት ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ክሮሚየምና ብረቱ ሲግማ የሚባል ጠንካራና ተሰባሪ ውህድ ይሠራሉ። ትኩስ ሳለ ችግር የለውም፤ ይታጠፋል፣ ይሸከማል። ሲቀዘቅዝ ግን ከከፍታ ወድቆ ይሰበራል። ስለዚህ 310ን ዘወትር 1000 ዲግሪ ለሚደርስ ቦታ ያውሉት፤ 750 ለሚሠራ ዕቃ «ይበልጥ የተሻለውን» ብሎ 310 መግዛት ተገቢ አይደለም። ያረጀ የ310 ዕቃ ለጥገና ሲወጣ በመዶሻ አይምቱት፤ ሳይዘጋጅ አይበይዱት። 1050–1100 ዲግሪ አሙቀው በፍጥነት ቢያቀዘቅዙት ሲግማው ይሟሟል።

430ና 446 የራሳቸው አደጋ አላቸው፦ 475 ዲግሪ አካባቢ ሲቆዩ ይሰባበራሉ። ከ600 በላይ ለአጭር ጊዜ አሙቆ ቶሎ ማቀዝቀዝ ይመልሳቸዋል።

ሱቅ ሲሄዱ

የፋብሪካውን የምርመራ ሰርተፊኬት ይጠይቁ፤ በአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 10204 ዓይነት 3.1 የሚል ቢሆን ይመረጣል። ሂት ነምበር የሚባለው የቅልጠት ቁጥር ላሜራው ላይ ከታተመው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ካልገጠመ ወረቀቱ የሌላ ላሜራ ነው። ቀጥለው ክሮሚየም፣ ኒኬል፣ ካርቦን፣ ሲሊከን፣ ማንጋኒዝ በሚል ቅደም ተከተል ያንብቡ። ማንጋኒዙ ከ2% በላይ ከሆነ 304 አይደለም።

ወረቀት ከሌለ ማግኔት ይያዙ። 430ና 409 አጥብቀው ይሳባሉ። 304 ጠፍጣፋው ላይ አይሳብም፣ ቀዝቃዛ የታጠፈው ጥግ ላይ ግን ትንሽ ይሳባል፤ 310 ታጥፎም አይሳብም። 201ን ለመለየት የማንጋኒዝ መፈተሻ ጠብታ ወይም በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መመርመሪያ ይፈልጋል። ይህ መሣሪያ ካርቦንን ስለማያነብ 304ኤልን ከ304ኤች አይለይም።

ብየዳው

በአርጎን ሲበይዱ ለ310 ኢአር310 ሽቦ፣ ለ321 ኢአር347 ሽቦ ይጠቀሙ። 321ን በ321 ሽቦ ከበየዱ ታይታኒየሙ በአርኩ ውስጥ ይቃጠልና ጥበቃው ይጠፋል። ለ304ኤች 308ኤች፣ ለ253ኤምኤ ደግሞ የራሱን ሽቦ ይጠይቁ።

310 ትኩስ ሳለ ይሰነጠቃል። በ2.5 ሚሜ ኤሌክትሮድ 50–80 አምፔር ውስጥ ሆነው፣ ሳያወዛውዙ ቀጭን መስመር ይሥሩ፤ ከሚቀጥለው መስመር በፊት ከ150 ዲግሪ በታች ይቀዝቅዝ። መስመሩ ጎድጎድ ሳይሆን ጎበጥ ያለ ይሁን፤ ሲጨርሱ በመስመሩ ጫፍ የምትቀረውን ጉድጓድ ሞልተው አርኩን ቀስ ብለው ይተዉት፤ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ የኮከብ ቅርጽ ካላት ጉድጓድ ነው። ቱቦ ከሆነ ውስጡን አርጎን ይሙሉት፤ አለበለዚያ የብየዳው ጀርባ እንደ ተቃጠለ ስኳር ይሆናል።

የተራ ብረት ብሩሽ ወይም ተራ ብረት የፈጨ የግራይንደር ዲስክ አይጠቀሙ። ዚንክ የተቀባ ነገር ከሞቀው አይዝጌ ብረት ጋር በጭራሽ አያገናኙ፦ ዚንክ 419 ዲግሪ ላይ ቀልጦ በቅንጣቶቹ ድንበር ይገባና ብረቱን ይሰነጥቃል። ማያያዣ ሽቦውና ዳዶው ጋልቫናይዝድ አለመሆናቸውን ይዩ። ከብየዳው የሚወጣው ጭስ ሄክሳቫለንት ክሮሚየም (ክሮሚየም 6) የሚባለው መርዛማ የክሮሚየም ዓይነት አለበት፤ ለካንሰር ያጋልጣል። ጭስ መሳቢያ ወይም ተገቢ ማስክ ሳይኖር አይበይዱ።

ይኸው መርዝ ሌላም ቦታ ይገኛል። አይዝጌ ብረት ካልሲየም ካለበት ነገር፣ ከኖራ፣ ከሲሚንቶ ወይም ከአንዳንድ የሙቀት መከላከያ ሱፍ ጋር ተነካክቶ ለረጅም ጊዜ ሲግል መገናኛው ላይ ደማቅ ቢጫ ዱቄት ይታያል። ምድጃ ሲፈቱ ካዩት በደረቁ አይጥረጉት፣ በአየርም አያራግፉት፤ ጓንትና ማስክ አድርገው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው፣ ጨርቁን በፕላስቲክ ከረጢት አሽገው ለብቻው ያስወግዱ።